የጥጋብ በሽታ

አሶሳ ስመደብ ክልሉ ገና ቀለሙ አልደረቀም ነበር። ይህን ለወግ አይደለም የምለው፤ በየቢሮው በር ላይ የተጻፈው አዲስ ስም በእውነት እጅ ላይ ይቀር ነበር። ትናንት መጋዘን የነበረ ቤት ዛሬ ቢሮ ሆኖ ያድራል፤ ኃላፊው ወንበር ሳይመጣለት በር ላይ ቆሞ ባለጉዳይ ያስተናግዳል። ከየአገሩ ተመድበን የመጣን ነርሶች፣ መምህራንና ጸሐፊዎች ደግሞ ማንጎ ዛፍ ሥር ተሰብስበን ዝውውር መቼ እንደሚፈቀድ እንመካከራለን። እኔ ነርሷ የመጣሁት ከሸዋ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ዝውውር ጠየቅሁ፤ በሁለተኛውም ጠየቅሁ፤ ከዚያ በኋላ መጠየቁም ደከመኝ።

ያን ዘመን ሳስበው ከሁሉ በፊት ትዝ የሚለኝ እግሬ ነው። ከሰዓት በኋላ ጫማዬ ውስጥ አብጦ አልወጣ ይለኝ ነበር። ጠዋት ሕሙማን፣ ከሰዓት ግምገማ። ግምገማ ማለት ክብ ሠርተን ተቀምጠን አንዳችን የሌላችንን ጉድለት የምንናገርበት ስብሰባ ነው። መድኃኒቱ ለምን አልመጣም ሲባል መጋዘን ጠባቂው በሹፌሩ፣ ሹፌሩ በመንገዱ ያሳብባል፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። እኔም አንድ ቀን «ፊትሽ ለታካሚ አይፈታም» ተብዬ ተገመገምኩ። ተነሥቼ «ፊቴ ከጠዋት ጀምሮ ነው የቆመው፣ ወንበር ይሰጠውና ይፈታል» አልኩ። አልሳቁም። ይህም እንደ ሁለተኛ ጉድለት ተያዘብኝ።

ሐሙስ የስኳር ሕሙማን ቀን ነበር። የደም ስኳር መለኪያ በቦርሳ በሚያዝበት በዛሬ ጊዜ ያደገ ሰው ላያምነኝ ይችላል፤ እኛ ያኔ ሽንት ነበር የምንቀቅለው። ሰማያዊ ፈሳሽ በብርጭቆ ቱቦ እናደርጋለን፣ ጥቂት ጠብታ ሽንት እንጨምርበታለን፣ እሳት ላይ እንይዘዋለን። ሰማያዊ እንደሆነ ከቀረ ደህና ነው። አረንጓዴ ከሆነ ትንሽ ስኳር አለ፤ ከዚያ ብጫ፣ ከዚያ ብርቱካንማ። መጨረሻ ላይ የጡብ ቀለም ካመጣ የዚያ ሰው ነገር ተበላሽቷል። ሽታው ልብሴ ላይ ተጣብቆ ቤቴ ድረስ ይከተለኝ ነበር። ታካሚዎቹ አግዳሚ ወንበር ላይ በተርታ ተቀምጠው፣ አንገታቸውን አስግገው የየራሳቸውን ቱቦ ያያሉ፤ የአጠገባቸውንም ያያሉ። «ያንተ ጡብ ሆነ» ይባባላሉ።

የአግዳሚው አድማቂ አንድ የአገሬው ተወላጅ፣ የበርታ ሽማግሌ ነበሩ። ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ ሆዳቸው የሞላ፣ ሳቃቸው የማያልቅ ሰው ነበሩ። ሽንታቸው ሁልጊዜ ጡብ ነው። ስኳር ይቀንሱ ባልኳቸው ቁጥር «ሻይ ያለ ሱካር ምንድነው? ሙቅ ውሃ ነው። ሙቅ ውሃ ለሬሳ ነው፣ ሲስተር» ይሉኛል። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ስለሆነ አንዴ አንተ፣ አንዴ አንቺ ነበር የሚሉኝ። «ሲስተር፣ አንተ ዛሬ ተቆጥቷል» ሲሉኝ ሳልወድ በግድ እስቃለሁ። በዚያ ሆስፒታል ያሳቀኝ ሰው እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ከታካሚዎቹ አንድ ቀጭን ወጣትና እናቱ የሚመጡት ከአሶሳ ብዙ ከማይርቁት፣ በስም ሳይሆን በቁጥር ከሚጠሩት የሰፈራ መንደሮች ካንዱ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ደርግ ከወሎ አንስቶ ያሰፈራቸው ናቸው። እናቲቱ ባል የላትም፤ ያላት እሱ አንድ ልጅ ብቻ ነው። ሲሰፍሩ የስድስት ሰባት ዓመት ልጅ ነበር አሉ፤ እኔ ሳውቀው ጎልምሶ እርሻውን ብቻውን የሚያርስ ጎበዝ ሆኗል። ጎበዝ ያልኩት በሥራው ነው። መርፌ የምወጋበት ሥጋ ፍለጋ ክንዱን ሳገላብጥ እቆይ ነበር።

እናቲቱ ሐሙስ ሐሙስ ከልጇ ጋር ትመጣለች፤ ታጥባ፣ ፀጉሯን ተቀብታ፣ ነጠላዋን አሳምራ። ኢንሱሊኑን ቤት ወስዳ የምታኖረው እርጥብ አሸዋ በሞላበት ማሰሮ ውስጥ በጨርቅ ጠቅልላ ነው፤ እንዲህ አድርጉ ያልናቸውን ሁሉ አንዲት ሳታጓድል ትፈጽማለች። በዚያን ጊዜ ስኳር በገጠሩ ሰው ዘንድ የሹማምንትና የነጋዴ በሽታ ነበር፤ ቅቤና ሥጋ የሚያመጣው፣ የጥጋብ በሽታ። እሷም ይህን ሰምታለች። አንድ ሐሙስ አጠገቧ ለተቀመጠችው ሴትዮ «በወተት ነው ያደገ፤ ለዚህ እኮ ነው የያዘው» ስትል ሰማኋት። ከመንደሩ ሰው ሁሉ መርጦ ለሷ ልጅ ብቻ መምጣቱ ትንሽ ማዕረግ ሳይመስላት አልቀረም። እኔም አልተቃወምኳት። ከዚያ በሽታ ሌላ የምትኮራበት ምን ነገር አላት?

ዶክተሩ ወጣት ነበር፤ እንደኔው ተመድቦ የመጣ። ከኛ የሚለየው ለምን ብሎ መጠየቅ ያልሰለቸው መሆኑ ነው። መምህሩ ከአዲስ አበባ የሚልኩለትን የሕክምና መጽሔት በምሳ ሰዓት ማንጎው ሥር ያነባል፤ እኔ እግሬን ድንጋይ ላይ ሰቅዬ ሳንቀላፋ ያነበበውን ይተርክልኛል። ሌላ ሰሚ አልነበረውም። ከነገረኝ ግማሹን በእንቅልፌ ነው የሰማሁት፤ የዚያን ልጅ ነገር ሲያነሳ ግን እነቃ ነበር።

ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት መንገድ ተቆርጦ ኢንሱሊን ለሳምንታት ጠፍቶብን ነበር። ካልተወጉ በሕይወት ከማይቆዩት ልጆች ያጣናቸው አሉ፤ ያን ጊዜ ዛሬም ማስታወስ አልወድም። ይህ ቀጭን ልጅ ግን መድኃኒቱ መጣ ሲባል በእግሩ ሄዶ መጣ። ከስቷል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ግን ቆሟል። ዶክተሩ ከእግር እስከ ራሱ አየው። ኋላ ለኔ «በመጽሐፉ መሠረት ይህ ልጅ መሞት ነበረበት» አለኝ። ድምፁ ቅር ያለው ሰው ድምፅ ነበር።

ነገሩን እንዲህ አስረዳኝ። ሁሉም የሚያውቃቸው ሁለት የስኳር ዓይነቶች አሉ። አንዱ ልጆችን ድንገት የሚይዘው ነው፤ ቆሽት ኢንሱሊን መሥራቱን ጨርሶ ያቆማል። ሁለተኛው እንደ ጨርቅ ነጋዴው በዕድሜና በውፍረት የሚመጣው ነው። በድሃ አገር የሚሠሩ ሐኪሞች ግን ከሁለቱም ጋር የማይገጥሙ ቀጫጭን ወጣቶችን ሲያዩ ኖረዋል። ብዙዎቹ በሕፃንነታቸው፣ አንዳንዶቹም በእናታቸው ሆድ ሳሉ የተራቡ ናቸው። ምናልባት ቆሽታቸው ማደግ በነበረበት ጊዜ እህል አጥቶ ቀጭጮ ቀርቶ ይሆናል፤ ጨርሶ አልሞተም፣ ትንሽ ትንሽ ይሠራል። መርፌው ሲቋረጥ ወዲያው የማይሞቱት ለዚህ ነው። ብዙ መርፌ ሲሰጣቸው ደግሞ ስኳራቸው ወርዶ የሚወድቁትም ለዚሁ ነው። «ሁሉም አይስማማበትም» አለኝ። «እንዲህ ያለ በሽታ የለም የሚሉም ሊቃውንት አሉ።»

እነዚያ ሊቃውንት ከዚያ በኋላም ሲከራከሩ ኖሩ። ለበሽታው ሰጥተውት የነበረውን ስም ቆይተው ሰረዙት፤ በቅርቡ ደግሞ ኧረ አለ ብለው እንደገና ስም አወጡለት ሲባል ሰማሁ። ጡረታ ወጥቼ ቤቴ ተቀምጬ ነው ዜናውን የሰማሁት። ምርምሩ ገና ነው፤ መንስኤው በትክክል ምን እንደሆነ፣ በመርፌ ይታከም ወይስ በክኒን ይበቃል የሚለው ገና እየተጠና ነው አሉ። ሰምቼ ደስ ማለት ነበረብኝ። ደከመኝ እንጂ ደስ አላለኝም፤ አልጋ ላይ ተኝቶ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ ያ ልጅ ነው ፊቴ ድቅን ያለው።

ወደዚያው ልመለስ። የልጁ ሽንት ጡብ ሲሆን መጠኑን እንጨምርለታለን፤ ስንጨምር እርሻ ላይ ይወድቃል። ስንቀንስ ይከሳል። ዶክተሩ ግራ ተጋባ። «በልጅነቱ የተራበ ከሆነ ነገሩ ይገባኛል፣ መጠኑን በድፍረት አወርደዋለሁ» አለኝ። «ካልሆነ ግን ማውረዱ ይገድለዋል።» ስለዚህ መጠየቅ ነበረበት።

ጠየቀ። የጠየቀው ደግሞ አግዳሚው ሞልቶ፣ ሰው ሁሉ ጆሮውን ቀስሮ ባለበት ነው።

«እናቴ፣ ልጅዎ በሕፃንነቱ ተርቦ ያውቃል?»

«እኛ ቤት?» አለች። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች። «ረሃብ እሚባል ከደጃችን ደርሶ አያውቅም። ከብቱ፣ ማሩ፣ ምን ጠፍቶ!»

ዶክተሩ ወደ ሌሎቹ ሰፋሪዎች ዞረ። አንዱም ሽማግሌ አልተራበም፤ አንዷም እናት ልጇ ተርቦባት አያውቅም። በድርቅ ምክንያት ከአገሩ ተነቅሎ ከመጣ ሰው መካከል አንድ የተራበ ጠፋ። «ታዲያ እዚህ ድረስ ለምን መጣችሁ?» አላቸው።

«መንግሥት ነዋ ያመጣን» አሉት።

በዚህ ጊዜ የጨርቅ ነጋዴው እጃቸውን አወጡ። «እኔ ራበኝ!» አሉ። «እኔ ልጅ ሆኖ ብዙ ራበኝ፣ ወላሂ። የቀርከሃ ቡቃያ በላን፣ ሥር ቆፍሮ በላን። ዝናብ መጣ፣ ማሽላ መጣ፣ ኸላስ፣ ረሃብ ሄደ። ምን አለው?» ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው መታ መታ አደረጉት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ዶክተሩ የተራበ ሲፈልግ ውሎ ያገኘው ከሁሉም ወፍራሙን ነው።

እኔ አልገረመኝም። የኛም ቤት እንዲሁ ነበር። እናቴ ምሳ በሌለ ቀን መፋቂያ አስይዛ ደጅ ታስቀምጠን ነበር፤ አላፊ አግዳሚው ጥርሳችንን ስንፍቅ አይቶ በልተው ነው እንዲል። በኛ ዘንድ ሞት ይነገራል፤ ቤት ቢቃጠል ይነገራል፤ ሌባ ከብት ቢነዳ ይለቀስበታል። ጓዳ ባዶ መሆኑ ግን አይነገርም። የልጅን ረሃብ መናገር ወላጁን አደባባይ አውጥቶ መክሰስ ነው፤ ገመና ነው። ይህን ለዶክተሩ ነገርኩት። «ጥፋቱ የነሱ አይደለም እኮ፣ ዝናብ ነው የቀረው» አለኝ። ልክ ነው። ልክ መሆኑ ግን ምንም አልጠቀመንም።

ነሐሴ ላይ ልጁ በቃሬዛ መጣ። በቆሎ ሲኮተኩት ነው የወደቀው። የተሸከሙት ሰዎች እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው፤ እሱ ጥርሱን ነክሶ፣ ሰውነቱ በላብ ርሶ፣ ቀዝቅዟል። ደም ሥሩን ፈልጌ ግሉኮስ ሰጠሁት። ያ መድኃኒት ሲገባ ሰው ዓይኑን ገልጦ የት ነው ያለሁት ሲል ማየት ከሥራዬ ሁሉ ደስ የሚለኝ ነገር ነበር። ያን ቀን ግን ልጁ ዓይኑን ሲገልጥ ደስ አላለኝም። ደጋግመን መልሰነው ነበር፤ ደጋግሞም ይመጣል። አንድ ቀን ከቃሬዛው ላይ የማይነሣ ልጅ እንደምቀበል አውቄዋለሁ።

እናቲቱ ከቃሬዛው ኋላ እየሮጠች ነው የመጣችው። ዶክተሩ አልጋው ጎን አቆማትና ጠየቃት።

«ጠዋት መርፌውን ተወግቷል?»

«ተወግቷል። ልክ እንዳላችሁት፣ ጠብታ ሳትጎድል።»

«ምን በላ?»

«በልቷል።»

«ምን?»

«እህል ነዋ። ጠግቦ ነው የወጣ።»

በአሶሳ ዙሪያ ነሐሴ ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ያለፈው ዓመት እህል አልቋል፣ አዲሱ አልደረሰም። ጠግቦ ወደ እርሻ የሚወጣ ሰው በዚያ መንደር አልነበረም። መርፌው ግን በቀን ሦስቴ ለሚበላ ሰው የታዘዘ ነው፤ ያዘዝነው እኛ ነን፣ ሦስቴ ይበላል ያለችን እሷ ናት። መድኃኒቱን አክብራ ሳታዛንፍ ትወጋዋለች፤ ረሃቡን ደግሞ አክብራ ትደብቀዋለች። ልጁ በሁለቱ መካከል ሊሞት ነው።

«እናቴ፣ ይስሙኝ» አላት ዶክተሩ። «ይህ መርፌ ሲበላ ያድነዋል፤ ሳይበላ ከተወጋ ይገድለዋል። ዛሬ ሰው ባያየው ኖሮ ሞቶ ነበር። በሚቀጥለው እዚህ ላይደርስ ይችላል። እውነቱን ይንገሩኝ። ያኔም ሆነ አሁን ተርቧል?»

«አልተራበም።»

ቆሽቴ እርር አለ። ትከሻዋን ይዤ ልነቀንቃት ምንም አልቀረኝ። አንቺ ሴትዮ፣ ለማን ነው የምትደብቂው፣ የሚቀብረው ሰው ሲመጣ ምን ልትይው ነው ልላት ነበር። አላልኳትም፤ ጉልበቱም አልነበረኝ። የግሉኮሱን ጠርሙስ መስቀያው ላይ ሰቅዬ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።

ዶክተሩም አጠገቡ ባለው ባዶ አልጋ ጫፍ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። «እሺ» አለ። «እናንተ ቤት አልተራበም። እነ እገሌ ቤትም አልተራበም። ታዲያ ያ ሁሉ ሰው በምን አለቀ? ማን ነው የተራበው?» ምሬቱን መናገሩ ነበር እንጂ መልስ አልጠበቀም። እሷ ግን መለሰችለት።

«ኧረ ጎረቤቶቻችንስ ተርበዋል» አለች።

ዶክተሩ ቀና አለ።

«አንዲት ጎረቤት ነበረችን» አለች። ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላለች። «አጥራችን አንድ ነው። ባሏ እህል ፈልጌ ልምጣ ብሎ እንደ ወጣ ቀረ። ሁለት ልጅ አላት፤ ትልቁ ወንድ፣ ታናሺቱ ሴት። መጀመሪያ ከብቱ አለቀ። ቀጥሎ ዘሩን በሉት። ኋላ ጠዋት ጠዋት ውሃ ብቻ ጥዳ እሳት ታነድ ነበር። ጭስ ካልወጣ ሰው ያውቃላ።»

«ከዚያስ?»

«ኋላ አንዲት ጭብጥ ሽምብራ ቀረቻት። ጥቂት ጥቂት ትቆላላቸዋለች። ሴቷ ታለቅሳለች፣ ነጋ ጠባ ነው እምታለቅስ። ወንዱ ዝም ነው። ግድግዳውን ተደግፎ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ዝም ያለ ልጅ የጠገበ ይመስላል። ላለቀሰችው ሰጠቻት።»

«የሱንም?»

«የሱንም።»

«ትንሿስ?»

«የእርዳታ መጠለያው ደርሳ ሞተች።»

ልጁ አልጋው ላይ ሆኖ ጣሪያውን ያያል። ይሰማል። እኔ ፈራሁ። ዶክተሩ ወጣት ነው፤ እውነት ሲያገኝ ዝም አይልም፤ ይህች ጎረቤት እርስዎ አይደሉም ወይ ይላታል ብዬ ፈራሁ። ብሏት ቢሆን ኖሮ ነጠላዋን ሰብስባ ልጇን ይዛ ትወጣ ነበር፤ ዳግመኛም አናያቸውም ነበር። አላለም። እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያች ጎረቤታችሁ አሁን የት ናት?» አላት።

«እዚሁ ናት። አብረን ነው የሰፈርን።»

«ልጇስ?»

«አለ። ያርሳል።»

«አሁን በክረምቱ ምን ይበላሉ?»

«ጠዋት የላቸውም» አለች። «ቀትር ላይ የበቆሎ ቂጣ ካለች እርሻ ትወስድለታለች። ማታ ጎመን ቀቅላ ይበላሉ። እሷ ያላትን ለሱ ነው እምትሰጥ። አሁንስ ለሱ ነው እምትሰጥ።»

ዶክተሩ ሁሉንም እንደ ባዕድ ሰው ጉዳይ አስረዳት። ያ የጎረቤታችሁ ልጅ ስኳር ቢኖርበት፣ በልጅነቱ ስለተራበ ብዙ መርፌ አይስማማውም አላት። መጠኑ ከግማሽ በታች መውረድ አለበት፤ መርፌውም እህል ፊቱ ከቀረበ በኋላ ነው የሚወጋው፣ ባዶ ሆዱን አይደለም። ወደ እርሻ ሲወጣ ትንሽ ስኳር በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ይያዝ፤ ላብ ላብ ሲለው ይቃም። እሷ እያንዳንዱን ቃል ራሷን እየነቀነቀች ተቀበለች። «ይደርሳታል» አለችው።

እኔ ለወጣት ሐኪም አክብሮት ለማሳየት የምቸኩል ሰው አይደለሁም፤ ያን ቀን ግን አከበርኩት። መጠኑን አወረደው። ልጁ እኔ ከአሶሳ እስክወጣ ድረስ ዳግመኛ በቃሬዛ አልመጣም። አልወፈረም፣ አልዳነም፤ አረሰ፣ አገባ፣ ሐሙስ ሐሙስ መጣ። ዶክተሩም ከዚያ ወዲህ ሰፋሪዎቹን ስለ ራሳቸው መጠየቁን ተወ። «ጎረቤትዎ ስንት ጊዜ ይበላሉ?» ይላል፤ አፋቸው ይፈታል። ጎረቤት ጠዋት አይበላም፣ ጎረቤት በልጅነቱ ሥራ ሥር በልቷል፣ ጎረቤት መርፌው ሲበዛበት ይንቀጠቀጣል። ጨርቅ ነጋዴው ሲያዳምጡ ቆይተው አንድ ቀን «ይህ ጎረቤት የሚሉት ሰው ብዙ ታመመ፣ ሲስተር» አሉኝ። «ለምን አይመጣም?»

ግን የዚያ የነሐሴ ቀን ነገር በመጠኑ መውረድ አላለቀም። ዶክተሩ ተነሥቶ ሊወጣ ሲል እናቲቱ ከቆመችበት ሳትነቃነቅ ጠራችው።

«ዶክተር፣ አንቱ ሲሉ እንደ ሰማሁት፣ በሽታው ከያኔው ረሃብ ነው የመጣ?»

«ሊሆን ይችላል፣ እናቴ። ገና በደንብ አልታወቀም።»

«የጥጋብ አይደለም?»

«አይመስለኝም።»

ነጠላዋን በጣቷ ጠቀለለች፣ ፈታች። ለምን እንደዚያ ስትክድ እንደኖረች ያኔ ነው የገባኝ። የፈራችው የጎረቤት ዓይን ብቻ አልነበረም።

«እንግዲያ» አለች፤ «ያች ሴትዮ ሽምብራውን ላላለቀሰው ሰጥታው ቢሆን ኖሮ፣ ልጁ አይታመምም ነበር?»

ዶክተሩ መጽሔቶቹ ውስጥ ያነበበው ሁሉ ለዚህ አልደረሰለትም። እኔም ልመልስላት ፈለግሁ፤ ዝናብ ነው የቀረው ልላት፣ አንድ ጭብጥ ሽምብራ ማንንም አያሳድግም ልላት ፈለግሁ። እውነት ነበር፤ ግን ከኔ አፍ ለሷ ምን ይሆናታል? አለቀስኩ እንጂ አልተናገርኩም። በሥራ ላይ ሆኜ ሳለቅስ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

የተናገረው ልጁ ነው። ዓይኑን ከጣሪያው አላወረደም።

«እማ፣ ለጎረቤታችን እንዲህ በያት» አላት። «ልጅሽ ያኔ አልራበውም ነበር በያት። ለዚያ ነው ያላለቀሰ።»

እናቲቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«እነግራታለሁ» አለችው።